«ሃይቲን ግን አትርሳ»፦ በስፔናዊው ካርቱኒስት በፎርኸስ ላይ ለቀረበ ትችት የተሰጠ ምላሽ

በስፔን ጋዜጦች ላይ ከሃምሳ ዓመት በላይ ስለሣለው ስለ አንቶኒዮ ፍራጓስ፣ አገሬው ሁሉ በሚያውቀው የብዕር ስሙ ስለ ፎርኸስ፣ በቅርቡ በአማርኛ የወጣ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። በቋንቋችን ስለ አውሮፓ የጋዜጣ ካርቱን የሚጻፈው እጅግ ጥቂት በመሆኑ ጽሑፉን የጀመርኩት በደስታ ነበር፤ የጨረስኩት ግን ቅር ብሎኝ ነው። ጸሐፊው አምስት ክሶችን ያቀርባሉ። ፎርኸስ በስፔኑ አምባገነን በጄኔራል ፍራንኮ ዘመን በመንግሥት ቴሌቪዥንና በአገዛዙ ጋዜጣ ውስጥ ስላደገ የሥርዓቱ ልጅ ነው ይላሉ፤ አፍንጫው ሁሉ አንድ ዓይነት የሆነ ሰው ከመደርደር ያለፈ የሥዕል ችሎታ የለውም ይላሉ፤ የስፓኒሽ ቋንቋን አበላሽቷል ይላሉ፤ ባለሥልጣኑን ትቶ በተራው ሰው ኑሮ ሲያሥቅ ኖሯል ይላሉ፤ በመጨረሻም በሥዕሎቹ ጥግ ላይ ስለ ሃይቲ ይጽፋት የነበረችው ዐረፍተ ነገር ከታይታ ያላለፈች ናት ብለው ይደመድማሉ። ለእያንዳንዱ በየተራ እመልሳለሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ክሶቹ ከመግባቴ በፊት ስሙን ማስተካከል አለብኝ። ጸሐፊው «ፎርኸስ» የሚለውን ስም እኛ በየቀኑ ከምንጠቀምበት «ፎርጅድ» ከሚለው ቃል ጋር አያይዘው፣ ሰውየው ራሱን «አስመሳይ» ብሎ እንደሰየመ አድርገው ተርጉመውታል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ፍራጓስ በስፓኒሽ የቀጥቃጭ ምድጃ ማለት ነው፤ ብረት የሚግልበትና የሚቀጠቀጥበት ቦታ። ያንኑ ቃል በካታላን ቋንቋ «ፎርኸስ» ተብሎ የሚጻፈው ቃል ይተካዋል። አባቱ ከጋሊሲያ የመጡ ጋዜጠኛና ደራሲ፣ እናቱ ደግሞ ካታላን ስለነበሩ፣ ልጃቸው የአባቱን ስም በእናቱ ቋንቋ ገልብጦ መፈረሚያው አደረገው። ስሙ የሁለት ወላጆች ውርስ ነው እንጂ የማስመሰል ምልክት አይደለም።

የመጀመሪያው ክስ በከፊል እውነት ላይ የቆመ ስለሆነ በጥንቃቄ መታየት ይገባዋል። ፎርኸስ ጃንዋሪ 17 ቀን 1942 ማድሪድ ውስጥ ተወለደ፤ ከዘጠኝ ልጆች ሁለተኛው ነው። በ1956፣ ገና በ14 ዓመቱ፣ በዚያው ዓመት ሥርጭቱን በጀመረው የስፔን ቴሌቪዥን በቴክኒክ ሠራተኛነት ተቀጠረ። የመጀመሪያ ሥዕሉም በ1964 የታተመው በመንግሥቱ የሠራተኛ ማኅበራት ባለቤትነት ይታተም በነበረው በ«ፑኤብሎ» ጋዜጣ ላይ ነው። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው ተሳሳቱ አልልም። ሆኖም በዚያ ዘመን በስፔን ከመንግሥት ሌላ የቴሌቪዥን ጣቢያ አልነበረም፤ የግል ጣቢያዎች ሥርጭት የጀመሩት ገና በ1990 ገደማ ነው። የዘጠኝ ልጆች ቤት ውስጥ ያደገ የ14 ዓመት ልጅ ለእንጀራው የገባበትን ብቸኛ በር የፖለቲካ ምርጫ አድርጎ ማቅረብ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ጋዜጦቹንም በተመለከተ፣ እስከ 1966 ድረስ ማንኛውም ገጽ ከመታተሙ በፊት በሳንሱር እጅ ያልፍ ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው የፕሬስ ሕግ ቅድመ ምርመራውን ቢያነሣም ቅጣቱን፣ የታተመውን መውረሱንና ጋዜጣ ማገዱን አስቀርቷል ማለት አይደለም። እንዲያውም አዘጋጁ መስመሩ የት እንደሆነ የሚያውቀው ካለፈው በኋላ ስለሆነ ፍርሃቱ ይብስ ነበር። «ማድሪድ» የተባለው ዕለታዊ ጋዜጣ በ1971 ተዘጋ፤ ሕንፃውም በ1973 በፈንጂ እንዲፈርስ ተደረገ። ፎርኸስ ቋሚ ደመወዝ የሚያገኝበትን የቴሌቪዥን ሥራ ጥሎ ኑሮውን ሙሉ በሙሉ በሥዕል ላይ የጣለው በዚሁ በ1973 ነው። ጸሐፊው ይህን ዓመት ጨርሶ አላነሡትም። የሥርዓቱ ልጅ ቢሆን ኖሮ ከመንግሥት ደመወዝ ወጥቶ ወደዚያ አስጊ ሙያ የሚሄድበት ምክንያት አይታየኝም።

ደግሞም ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1972፣ «ኤርማኖ ሎቦ» ወይም «ወንድም ተኩላ» የሚባለው የስላቅ ሳምንታዊ መጽሔት ሲቋቋም ፎርኸስ ከመጀመሪያዎቹ ሠዓሊዎች አንዱ ነበር። አገዛዙን በግልጽ መንካት በማይቻልበት ጊዜ ይህ መጽሔት በዙሪያ ጥምጥም፣ በሰምና ወርቅ ይናገር ነበር። የሰምና ወርቅ አገር ልጆች ለሆንን ለእኛ ይህን ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ፍራንኮ በኖቬምበር 1975 ሲሞት ፎርኸስ አልዘገየም፤ በተከታዩ ዓመት «አርባ ዓመት» የሚለውን የስፓኒሽ ቃል በራሱ ስም መነሻ ቀይሮ በሰየመው መጽሐፍ የአገዛዙን ዘመን ታሪክ በሥዕል ተረከው። ያኔም ቢሆን ሙያው ከአደጋ አልወጣም ነበር፤ በሴፕቴምበር 1977 ባርሴሎና ውስጥ «ኤል ፓፑስ» በተባለ የስላቅ መጽሔት ቢሮ የተላከ ቦምብ ፈንድቶ የሕንፃውን በር ጠባቂ ገድሏል።

ሁለተኛው ክስ፣ «መሣል አይችልም» የሚለው፣ የጋዜጣን ሥዕል በሸራ ላይ በሚሣል ሥዕል ሚዛን ከመመዘን የመጣ ነው። የፎርኸስን አንድ ካርቱን አቅርበን እንየው። ክፈፉ ትንሽ ነው። ከላይ፣ ንግግሩን የሚከበው መስመር እንደ ጣት የወፈረ ጥቁር ነው፤ ከሰዎቹም ከዕቃውም ቀድሞ ዓይን የሚይዘው እሱ ነው። በውስጡ በእጅ የተጻፉ ፊደላት አሉ፤ አንዱ ቃል ሲያድግ ሌላው ይኮማተራል፤ አንባቢውም ድምፁ የት ከፍ እንደሚል ያለ ማብራሪያ ይሰማዋል። ከታች ትልልቅ ድንች አፍንጫ ያላቸው ሁለት ሰዎች ቆመዋል፤ እጃቸው ብዙ አይንቀሳቀስም፣ ፊታቸውም ብዙ አይናገርም። ይህ ድክመት ሳይሆን ምርጫ ነው። ፎርኸስ ጆሮው ከዓይኑ የሚቀድም ሠዓሊ ነበርና ፊትን ጸጥ አድርጎ ንግግርን ያጮኻል። ያ ወፍራም መስመር ደግሞ በርካሽ የጋዜጣ ወረቀት ላይ ቀለም ሲፈስ እንኳ አይጠፋም፤ ቀጭን መስመር ግን ይደበዝዛል። በየዕለቱ ሠርቶ የሚያስረክብ ባለሙያ ይህን ሳያስብ አይቀርም።

በ«ኢንፎርማሲዮኔስ» ጋዜጣ የርእሰ አንቀጽ ካርቱን እንዲሠራ የተሰጠውም ለዚሁ ነው። ፊርማውን ሸፍናችሁ ለስፔናዊ ብታሳዩት የማን እንደሆነ ወዲያው ይነግራችኋል። የሥራውን ደካማ ጎን መፈለግ ካስፈለገ ግን ጸሐፊው ሲኒማውን ቢያነሡ ይሻላቸው ነበር፤ በ1975 እና በ1977 ያዘጋጃቸው ሁለት ፊልሞች በእኔ ግምት በካርቱን ያገኘውን ምጥንነት አላገኙም።

ሦስተኛው ክስ ለእኔ ከሁሉም የቀረበ ነው፤ ስፓኒሽን ያነበብኩት በፎርኸስ ነውና። ማድሪድ እንደገባሁ፣ በላቫፒዬስ ሰፈር ጠዋት ጠዋት ቡና በምጠጣበት ቡና ቤት፣ ባንኮኒው ላይ የሚቀመጠውን ጋዜጣ ከኋላ ወደ ፊት እያገላበጥኩ የማነበው ካርቱኑን ብቻ ነበር፤ ሌላው ከአቅሜ በላይ ስለነበር። አንድ ቀን «ኸንሳንታ!» የሚል ቃል አጋጠመኝ። በኪስ መዝገበ ቃላቴ ፈለግሁ፤ የለም። የቡና ቤቱ ባለቤት፣ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት፣ ስቸገር አይተው ብርጭቆ የሚያደርቁበትን ጨርቅ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉና ጋዜጣውን ወደ ራሳቸው አዞሩት። አነበቡት፤ ሣቁ። ከዚያ ቃሉን ጮክ ብለው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ አሉልኝ። «ቪርኸን ሳንታ»፣ ቅድስት ድንግል ማለት ነው፤ ሰው ሲደነግጥ የመጀመሪያውን ድምፅ ውጦት የሚቀረው «ኸንሳንታ» ነው።

የገባኝ ያኔ ነው፤ ምክንያቱም እኛም እንዲሁ እናደርጋለን። «በስመ አብ» ብለን የምንጀምረው በድንጋጤ ጊዜ «በስማም!» ሆኖ ይወጣል። ሙሉውን ብንጽፈው ጸሎት ነው፤ የታጠፈውን ብንጽፈው የደነገጠች እናት ናት። ማንም «በስማም» የሚለውን ቃል አማርኛን ያበላሸ አይለውም። ፎርኸስም ያደረገው ይህንኑ ነው፦ ሰዎች በአፋቸው የሚያጥፉትን፣ የሚያስረዝሙትንና የሚቆራርጡትን ቃል እንዳለ በወረቀት ላይ አዋለ፤ ያልነበረውንም በዚያው የአፍ ሥርዓት እያበጀ ጨመረ።

ሰንድዊች ለማለት «ቦካታ» የሚለው የወጣቶች ቃል ዛሬ በስፔን የቋንቋ አካዳሚ መዝገበ ቃላት ውስጥ ቦታ አለው፤ ፎርኸስ እንዲህ ያሉ ቃላትን በሕዝብ ዘንድ ካስፋፉት አንዱ ነበር። ጸሐፊው የአካዳሚውን ክብር ለመከላከል ይህን ያህል መቆርቆራቸው ካልቀረ፣ ያው አካዳሚ ራሱ ካርቱኒስትን በአባልነት መቀበሉን ቢያስታውሱ መልካም ነበር። ከ1953 ጀምሮ በ«ኤ ቤ ሴ» ጋዜጣ ላይ የሣለው አንቶኒዮ ሚንጎቴ በ1987 ለአካዳሚው ተመርጧል። ሚንጎቴና ፎርኸስ በፖለቲካ ዝንባሌ የማይገናኙ፣ በ23 ዓመት የሚራራቁ ሰዎች ናቸው፤ የልደት ቀናቸው ግን አንድ ነው፣ ጃንዋሪ 17። ይህ ከክርክሩ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ሁለቱንም ስለምወዳቸው አነሣሁት።

ከጋዜጣ ጋዜጣ መዘዋወሩን ጸሐፊው በአንድ ዐረፍተ ነገር ስለነቀፉት እኔም በአጭሩ ልለፈው። ከ«ዲያሪዮ 16» ወደ «ኤል ሙንዶ» ሄደ፣ ከመሥራቾቹም አንዱ ነበር፤ በ1995 ወደ «ኤል ፓይስ» ተዛወረ፤ በዚያም ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2018 በቆሽት ካንሰር እስከሞተበት ጊዜ ድረስ ሃያ ሦስት ዓመት ገደማ ቆየ። ሃያ ሦስት ዓመት በአንድ ቤት የኖረን ሰው ተንከራታች ማለት አይቻልም።

አራተኛው ክስ በጥሩ ንጽጽር የተደገፈ ነው፤ ለዚህም ጸሐፊውን አከብራለሁ። ኤል ሮቶ በሚል ስም የሚፈርመውን አንድሬስ ራባጎን አንሥተው፣ እሱ የባንክ ባለቤቶችንና የጦር መሣሪያ ነጋዴዎችን በጨለማ ቀለም ሲያጋልጥ ፎርኸስ ሶፋ ላይ የተኛ ባልና የምትቆጣ ሚስት ይሣል ነበር ይላሉ። ኤል ሮቶ ታላቅ ነው፤ በ2012 የስፔንን ብሔራዊ የሥዕላዊ መግለጫ ሽልማት ያገኘው በሚገባ ነው። ጸሐፊው ግን ሁለቱ ከአንድ ጎጆ የወጡ መሆናቸውን ዘንግተዋል፤ ራባጎ «ኦፕስ» በሚል ስም ቃል አልባ ሥዕሎቹን ያወጣ የነበረው ፎርኸስ በሚሣልበት በዚያው በ«ወንድም ተኩላ» መጽሔት ላይ ነበር። ኋላም በ«ኤል ፓይስ» ውስጥ ለዓመታት የአንድ ጋዜጣ ሰዎች ሆኑ። አንዱ ሥልጣንን ከላይ፣ ከዙፋኑ ያየዋል፤ ሌላው ከታች፣ ሥልጣን ከሚያርፍበት ሰው ትከሻ ላይ ያየዋል። ሁለተኛውን «ፖለቲካ አይደለም» ማለት የሚችለው በመንግሥት ቢሮ መስኮት ፊት ቆሞ ያልጠበቀ ሰው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ፤ የፎርኸስ ዋናው ሥራ ይህ ነውና። ሰዎቹን እንያቸው። ማሪያኖ የመካከለኛ ኑሮ ያለው፣ ደከም ያለ፣ ሁሉን ነገር ከሶፋው ላይ ሆኖ የሚተነትን ባል ነው፤ ኮንቻ ከእሱ የምትገዝፍ፣ በአካልም በአስተሳሰብም የምትበልጠው ሚስቱ ናት። ብላሲዮዎች የሚባሉት የገጠር ሰዎች ቆብ አድርገው ሜዳ ላይ ቁጭ ይሉና ስለ ዓለም ነገር ይነጋገራሉ። ሻሽ ያሰሩ አሮጊቶች መንገድ ላይ ቆመው ስለ ቴክኖሎጂ እንደ ባለሙያ ያወራሉ። በትንሽ ደሴት ላይ፣ ከአንድ ዘንባባ ሥር የቀረ መርከቡ የሰጠመበት ሰው አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የቢሮው መስኮት አለ፤ ከኋላው ጸሐፊ፣ ከፊቱ ባለጉዳይ።

ይህ መስኮት በስፔን የቆየ ቁስል ነው፤ ጋዜጠኛው ማሪያኖ ኾሴ ዴ ላራ በ1833 «ነገ ይመለሱ» እያሉ ስለሚያመላልሱ ሰዎች የጻፈው መጣጥፍ እስከ ዛሬ በትምህርት ቤት ይነበባል። እኛም «ነገ ና» መባልን እናውቀዋለን። ሚኒስትሩን መሣል አንድ ነገር ነው፤ ሚኒስትሩ የፈረመው ወረቀት ወርዶ ወርዶ አንዲት አሮጊት ፊት ሲደርስ ምን እንደሚመስል መሣል ሌላ ነው፤ ያውም በየቀኑ። ከ2008 በኋላ በመጣው የኢኮኖሚ ቀውስ የስፔን ሥራ አጥነት በ2013 መጀመሪያ ላይ ወደ 27 በመቶ ሲደርስ፣ ፎርኸስ የሣላቸው እነዚያኑ ሰዎች ነበሩ፤ አፍንጫቸው ያው፣ ሶፋቸው ያው፣ ቀናቸው ግን ባዶ።

አንድ ነገር ለጸሐፊው እተዋለሁ። በ1970ዎቹ በሠራቸው ሥዕሎች ውስጥ ሴቶች የቀረቡበት መንገድ ዛሬ ሲታይ የሚጎረብጥ ነገር አለው፤ የሚስት ግዝፈት አንዳንድ ጊዜ ብቻውን መሣቂያ ሆኖ ይታያል። ይህን የሚክድ የፎርኸስ ወዳጅ አልሆንም። ነገር ግን ያው እጅ በኋለኛው ዘመኑ በሴቶች ላይ የሚደርሰውን ጥቃት ደጋግሞ፣ ያለ ሣቅ፣ የሣለ እጅ ነው። ሠዓሊን በጀመረበት ብቻ መዝኖ በደረሰበት አለመመዘን ሚዛኑን ያዛባዋል።

ወደ ሃይቲ ልምጣ። ጃንዋሪ 12 ቀን 2010 ከዋና ከተማዋ ከፖርቶ ፕሪንስ በስተ ምዕራብ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚሆኑትንም ቤት አልባ አደረገ። ዓለም ሁሉ ለጥቂት ሳምንታት አለቀሰ፤ ካሜራውም ዞሮ ሄደ። ፎርኸስ ግን ከዚያ ወዲህ በየካርቱኑ ጥግ፣ ቀልዱ ስለ ምርጫም ይሁን ስለ እግር ኳስ፣ አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር ያኖር ጀመር። ጸሐፊው እንደሚሉት ለወር ለሁለት ወር ሳይሆን ለዓመታት ቀጠለበት። ጸሐፊው «ይህቺ ዐረፍተ ነገር ስንት ቤት ሠራች?» ብለው ይጠይቃሉ። አንድም አልሠራችም። ጋዜጣ ቤት አይሠራም።

ጥያቄው መነሣት ያለበት ግን ዐረፍተ ነገሯ በዚያ ጥግ ሳለች በሃይቲ ምን እየሆነ እንደነበር ታይቶ ነው። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ኮሌራ ገባ፤ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ ሰው ፈጀ። በሽታው የመጣው ከተባበሩት መንግሥታት የሰላም አስከባሪዎች ሰፈር መሆኑ ብዙም ሳይቆይ ቢነገርም፣ ድርጅቱ ድርሻ እንደነበረው ያመነው ከስድስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2016 ነው። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ማቲው የተባለው አውሎ ነፋስ የአገሪቱን ደቡብ ምዕራብ አፈራረሰው። ስለዚህ ፎርኸስ አንባቢውን ያስታውስ የነበረው ያለቀ ሐዘን አልነበረም፤ በየዓመቱ አዲስ ሬሳ የሚወጣበት፣ ሌሎች ገጾች ግን አልፈውት የሄዱት ጉዳይ ነበር። ታይታ የሚባለው ሰው በሚያይበት ሰዓት ሆኖ ማንም በማያይበት ሰዓት የሚቀር ነገር ነው፤ ፎርኸስ ያደረገው የዚህ ተቃራኒ ነው።

የቀረኝ አንድ የትርጉም ማስተካከያ ነው። ጸሐፊው ዐረፍተ ነገሯን «ሃይቲ አትረሳም» ብለው ተርጉመዋታል፤ እንዲህ ስትጻፍ የመታሰቢያ ሐውልት ጽሑፍ ትመስላለች፣ ለዚህም ነው ባዶ የመሰለቻቸው። በስፓኒሽ ያለችው ግን «ፔሮ ኖ ቴ ኦልቪዴስ ዴ ኣይቲ» ናት። «ፔሮ» ማለት «ግን» ነው፤ ይህ ቃል ዐረፍተ ነገሯን ከላይ ካለው ቀልድ ጋር ያያይዛታል፣ ሣቅህ ይሁን፣ ግን። «ቴ ኦልቪዴስ» ደግሞ በ«አንተ» የሚነገር ነው፤ ለሕዝብ፣ ለመንግሥት ወይም ለታሪክ ሳይሆን፣ ጋዜጣውን በእጁ ለያዘ ለአንድ ሰው፣ በወዳጅ አንደበት። ስፓኒሹ ወንድና ሴት አይለይም፤ የእኛ ቋንቋ ስለሚያስገድደን በርእሴ ላይ «አትርሳ» ብያለሁ፣ ለአንባቢቷ «አትርሺ» ነው። ጸሐፊው ጽሑፋቸውን እንደገና የሚያወጡት ከሆነ «ግን» የሚለውን ቃልና «አንተ» የሚለውን አነጋገር ወደ ቦታቸው እንዲመልሱ በአክብሮት እጠይቃለሁ።